የጁምዓ ቀን ርጭት

አብዱልሃዲ ለአካለ መጠን ከደረሰ ወዲህ ጁምዓን ሆን ብሎ ያስቀረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች ወደ መስጊድ ሲወጡ እሱ በጋቢ የጠቀለለውን የጀርባ መርጫ ታቅፎ ወደ ጤፍ ማሳው ወረደ።

ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ማሳው ከሸዋ ሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ዳር ይገኛል። ደጃፉ ላይ የብረት ታፔላ ተተክሏል፤ «ኬሚካል ያልነካው የሠርቶ ማሳያ ማሳ» ይላል። ታፔላውን የተከለው ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። ጎብኚ ግን አልቀረም። እንግዳ ሲመጣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ሳምራዊት ቀድማ ትደውላለች፤ አብዱልሃዲም ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ ይጠብቃል።

የሚያሳየው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። አካፋ ያነሳና አንዴ ይቆፍራል። አፈሩን በእጁ ይፈረፍራል፤ ያሸታል፤ እንግዶቹንም ያስሸትታል። የምድር ትሎቹን ይቆጥራል። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያስመጣል። በአንዱ ከራሱ ማሳ፣ በሌላው ከጎረቤቱ ከወርቁ ማሳ ያነሳውን ጓል ይከታል። የእሱ ጓል ቅርጹን ይዞ ይቀመጣል። የወርቁ ወዲያው ይሟሟና ውሃውን ያደፈርሰዋል።

«ይሄ ሕይወት ያለው አፈር ነው» ይላል አብዱልሃዲ። «ያኛው ሞቷል።»

ወርቁ በአንድ የመስክ ቀን እዚያው ቆሞ ነበር። የዚያው የቀወት ወረዳ ሰው ነው፤ ከአብዱልሃዲ ጋር አብረው ያደጉ፣ ማሳቸውም የሚዋሰን። አሥራ ሁለት ዓመት ጸረ አረም ሲረጭ ኖሯል፤ ደብቆም አያውቅም። መርጫው ከቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ ይሰቀላል።

«አፈርህ ጥሩ ነው አብዱ» አለ ወርቁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ከኔ ይሻላል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለአረም ለመጨረሻ ጊዜ የተንበረከክኸው መቼ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። አብዱልሃዲም አብሮ ሳቀ።

«እኔ የምረጨው አበበች ወገቧ አልቆ ነው» አለ ወርቁ ቀጥሎ። አበበች ሚስቱ ናት። «ልጆቹ የሉ፣ ማን ያርማል? ያንተን አፈር ያቆየችው ሚስትህ ሙሀባ ናት። እስቲ ብርጭቆውን እሷ ትያዘው።»

«ሙሀባ እንግዳ ፊት መቆም አትወድም።»

«ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

አብዱልሃዲ እንግዶቹን ወደ ኮምፖስት ጉድጓዱ ወሰዳቸው።

በዚያ ሰፈር ጤፍ የሚታረመው በወንፈል ነው። አሥራ አንድ ቤት ነው የሚሰበሰበው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፣ አብዛኛው ሴት ነው። ዛሬ የአንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን በተራ ያርማሉ። በሌላው ቀን ያልወጣ ቤት ለራሱ ቀን ሰው ለመጥራት ፊት የለውም። ይህን ማንም አይጽፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከአብዱልሃዲ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የወጣችው ሚስቱ ሙሀባ ናት።

ሐምሌ መግቢያ ላይ ሙሀባ ቦዩን ስትሻገር ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ወስደው ጄሶ አስገቡላት፤ ለሁለት ወር ሥራ እንዳትነካም አዘዟት።

«ዘንድሮ አንተ ግባልኝ» አለችው ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት።

«የት?»

«ወንፈሉ ነዋ! ሌላ የት?»

«ከሴቶቹ ጋር?»

«የሼኩ ልጆች ይገቡ የለ? አንተን ምን ያደርግሃል? አሥር ቀን ነው። የሰው እጅ ካልመለስን ማን ይመጣልናል?»

«ስልጠና አለብኝ።»

ስልጠናው ደብረ ብርሃን ነበር፤ ስለ አፈር ጤንነት። አምስት ቀን ቆየ። ሲመለስ እንግዶች ነበሩ። ከእንግዶቹ በኋላ ደግሞ የወረዳ ስብሰባ መጣ። በዚህ መሀል ወንፈሉ አሥሩን ማሳ ዞረ። ከአብዱልሃዲ ቤት አንድም ሰው አልወጣም።

ወደ ማሳው ሲወርድ ጤፉ በአረም ተውጧል። በብዛት ነጭ አበባ የሚያወጣው፣ ቆዳ የሚያሳክከው መጤ አረም ነው። ሙሀባ ጄሶዋን በነጠላ አንግታ ድንበሩ ላይ ተቀምጣለች፤ በግራ እጇ አንድ በአንድ ትነቅላለች። ከተቀመጠችበት ሁለት ክንድ ያህል ፊት ለፊቷ ጸድቷል። የቀረው ሁሉ እንዳለ ነው።

በዚያው ሳምንት ሐምዲያ መጣች። ሐምዲያ ማሳዋ ከእሱ በምዕራብ በኩል የሚዋሰን፣ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። የወንፈሉን ተራ የምትይዘው እሷ ናት። መድኃኒት መርጨት ያቆመችው አብዱልሃዲ ሁለት ዓመት ስለመከራት ነው። ዘንድሮ ማሾ ዘርታለች። ያልተረጨ ማሾ የሚቀበል ማኅበር አለ፤ ለልጆቿ ትምህርት ያሰበችውም እሱን ነው።

«ጋሼ፣ የእናንተ ተራ መቼ ይሁን?» አለችው።

ይህን ስትል ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ነበር። ሰው ለመጥራት ፊት እንደሌለው እያወቀች፣ እንዳያፍር ብላ መጠየቋ እንደሆነ ገባው። ደሙ ወደ ፊቱ ወጣ።

«ዘንድሮ አያስፈልገንም» አላት። «ሰው ቀጥረናል።»

«ከየት?»

«ከላይ፣ ከጣርማ በር በኩል። ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣሉ።»

የቀጠረው ሰው አልነበረም።

በማግስቱ በሚኒባስ ጀውሃ ሄደ። ሮቢት ላይ የግብርና ዕቃ ሻጮች ሁሉ ያውቁታል፤ ጀውሃ ግን የሚያውቀው የለም። ከመንገዱ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ሰማያዊ መርጫ ገዛ። ሻጩ መድኃኒቱን ከትልቅ ጀሪካን ወደ ሃይላንድ ገልብጦ ሰጠው፤ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ሰውየው ስለ ልኩና ስለ ሰዓቱ አንድ ሁለት ነገር ነገረው። አብዱልሃዲ ግን ሐሳቡ መንገዱ ላይ ነበር። ከጭነት መኪኖቹ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያያል። መርጫውን በጋቢው ጠቅልሎ፣ ሃይላንዱን ሥሩ ከትቶ ወጣ።

የሚረጭ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የሚረጨው ጎህ ሲቀድ፣ ቅጠል በማይነቃነቅበት ሰዓት ነው። ቀትር ሲደርስ ከታች ከበረሃው በኩል ንፋስ ይነሳና ወደ ተራራው ይወጣል፤ በይፋት ቆላ ይህ በየቀኑ የሚሆን ነው። ወርቁ አንድም ቀን ፀሐይ ከወጣች በኋላ ረጭቶ አያውቅም። አብዱልሃዲ ግን ዘጠኝ ዓመት ሰው ስለ ርጭት ሲያወራ እየተነሳ የሚሄድ ሰው ነበር። ሰዓቱን የመረጠው በንፋስ አይደለም። የመረጠው በሰው ዓይን ነው። ጁምዓ ቀትር ላይ ወንዶቹ መስጊድ ናቸው። ወርቁና አበበች ሮቢት ወርደዋል። ሐምዲያ ገበያ ናት። መስኩ ላይ ማንም የለም።

ረጨ። ፓምፑን እንዴት እንደሚመታ እስኪገባው ጥቂት ጊዜ ፈጀ። ከዚያ ለመደው። ንፋሱ ከጀርባው ይመጣ ስለነበር ፊቱን አልነካውም፤ ጥሩ ነገር መሰለው። ጉሙ ከፊቱ እየተነሳ በሐምዲያ ማሾ ላይ ሲያልፍ አይቷል። ውሃ ነው የመሰለው።

ኢማሙ ሶላቱን በሰላምታ ሲዘጉ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ እስከ ማሳው ድረስ ተሰማ። ሰዉ ሊመለስ ነው። መርጫውን የት ያድርገው? ቤት ቢመልሰው አሁን ይሸታል፤ ሙሀባ ታገኘዋለች። ወንዝ ቢጥለው ይገኛል። በቀደም የዘጋው የኮምፖስት ጉድጓድ እስከ ጥቅምት የማይከፈት ነው። የላይኛውን አፈርና የሙዝ ቅጠሉን ገለጠ፤ መርጫውንም ሃይላንዱንም ቀበረ፤ መልሶ ደፈነ።

ቤት ሲገባ ሙሀባ አፍንጫዋን ሰበሰበች።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«የመኪና ነገር ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የፈሰሰ ናፍጣ ነበር።»

«ዛሬ በሚኒባስ ሄደሃል?»

«ትናንት።»

ሸሚዙን አውልቆ ሰጣት፤ በአንድ እጇ አጠበችው።

በስድስተኛው ቀን ሐምዲያ ጠራችው። ሌላ ማንንም ሳትጠራ በቅድሚያ የጠራችው እሱን ነው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ። ማሾዬ የሆነው አልገባኝም።»

ሄደ። አበባ ሊያወጣ የነበረው ማሾ አንገቱን ደፍቷል። ግንዱ ተጣሟል፤ ቅጠሉ እንደ ኩባያ ወደ ላይ ተኮማትሯል። ከእሱ ድንበር በኩል ያለው ክፉኛ የተጎዳ ነው። ወደ ምዕራብ እየራቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ሐምዲያ አንድ ቅጠል ቀጥፋ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። በሽታውን እንዲነግራት ትጠብቃለች።

«ድርቀት ይሆናል» አለ።

«ትናንት ዘንቧል እኮ ጋሼ።»

«እንግዲያ ሥሩን የነካው ነገር አለ።»

«ሥሩን ነቅዬ አየሁት። ደህና ነው።»

ቅጠሉን እጁ ላይ ያዘ። «ሳምራዊትን ጥሪያት» ብሎ ሄደ።

ሳምራዊት በሞተር መጣች። ከደብረ ብርሃን የመጣች፣ ሥራውን ከጀመረች ሦስት ዓመት የሆናት ልጅ ናት፤ ቸኩላ አትናገርም። ግንዱን አየች፤ ቅጠሉን አየች። ቆማ የንፋሱን አቅጣጫ አየች። ከዚያ ድንበሩን ተሻግራ የአብዱልሃዲ ጤፍ ውስጥ ገባች። ጤፉ ደህና ነው። መካከሉ ያለው አረም ግን እንደ ማሾው ተጣሟል።

«ቅጠለ ሰፊ የሚያጠፋ ጸረ አረም ነው» አለች። «ጤፍና ማሽላ አይነካም። ማሾን ይገድላል። በንፋስ ነው የመጣው።» ወደ አብዱልሃዲ ዞረች። «ውይ ጋሼ! እርስዎም ተነክተዋል ማለት ነው።»

ከእሱ ማሳ በምሥራቅ በኩል ያለው የወርቁ ማሽላ ነው። ሰፈሩ ውስጥ መርጫ ያለው ወርቁ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አላሰበም። ንፋሱ የወርቁን መርዝ በአብዱልሃዲ ማሳ ላይ አሳልፎ ሐምዲያ ላይ ጣለው፤ ይህን ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም።

«ዘጠኝ ዓመት የለፉበት!» አለች ሐምዲያ። የራሷን ትታ ለእሱ አዘነች።

አብዱልሃዲ አንገቱን ነቀነቀ። ያኔ መናገር ይችል ነበር። በኋላ ሲያስበው ከሁሉም የሚያሳፍረው ያቺ ሰዓት ናት። መርጨቱ አይደለም። ቆሞ የሐምዲያን ማጽናናት መቀበሉ ነው።

በቀጣዮቹ ቀናት ሰዎች እየመጡ አጽናኑት። እሱ እየሰማ ወርቁን ሰደቡት። ሳምራዊት ግን ስድቡ ውስጥ አልገባችም።

«እኔ መድኃኒት ሁሉ ይጥፋ ብዬ አላውቅም» አለች አንድ ጊዜ ቤቱ ተቀምጣ። «እጅ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? ጥያቄው መቼ፣ ምን ያህል፣ በምን ንፋስ ነው የሚል ነው። ወርቁ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው የገረመኝ።» ሻይዋን ጠጣች። «ጋሼ፣ በዚያ ሳምንት ሲረጭ አይተውታል?»

«ደብረ ብርሃን ነበርኩ» አለ።

አልነበረም። ሳምራዊትም ስልጠናው መቼ እንዳለቀ ታውቃለች። ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ሄደች።

ሐምዲያ አውጫጭ ይጠራልኝ አለች። አውጫጭ፣ ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲጠፋ የሰፈሩ አባወራ ሁሉ የሚሰበሰብበት ሸንጎ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል፤ የተጠራ ሰው ሳይምል አይመለስም። የሚያስምሉት ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ሼኩ አንዱ፣ ቄሱ ሁለተኛው ሆኑ። ሦስተኛ ሰው ሲፈለግ ሁሉም ባንድ ቃል የጠሩት አብዱልሃዲን ነው። ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው አይምልም።

አውጫጩ በሚሆንበት ቀን ጠዋት ሙሀባ ነጭ ጀለቢያውን አወጣችለት። ከእሱ ጋር ያንን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች።

«የረድዋን አባት» አለችው። ረድዋን ጅዳ ያለው ልጃቸው ነው። «ይሄን ሁለት ጊዜ አጥቤዋለሁ። አልለቀቀም።»

ሸሚዙን አየ።

«ወርቁ ዛሬ ይምላል?»

«አዎ።»

«አንተስ?»

«ሽማግሌ አይምልም።»

«ተመቸህ» አለች ሙሀባ። ጄሶዋን በነጠላዋ አነገተችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሸንጎው ቦዩ ከሚከፈልበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። አርባ የሚሆን ሰው መጥቷል። ሴቶች ከወደ ኋላ ቆመዋል፤ ሐምዲያ የራሷ አባወራ ስለሆነች ከፊት ተቀመጠች። ሼኩ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ ጸለዩ። አንድ በአንድ ተነስተው ማሉ። «አልረጨሁም፣ አላስረጨሁም፣ የረጨውን አላየሁም።» ይህ ሲባል ሁለት ሰዓት ያህል ቆየ። አብዱልሃዲ ከሼኩ ጎን ተቀምጦ የሚምለውን ሰው ጫማ ጫማውን ያይ ነበር።

ወርቁ መጨረሻ ላይ ተነሳ። ካባ ለብሷል።

«እኔ እረጫለሁ» አለ። «አምና ረጭቻለሁ። ዘንድሮም ሐምሌ ላይ ረጭቻለሁ፣ ሁላችሁም አይታችኋል። በተባለው ሳምንት ግን መርጫዬ ተበላሽቶ ሮቢት ለጥገና ሰጥቼው ነበር።»

«መርጫውም መሐላ ፈርቶ ታመመ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ወርቁ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«ከመማሌ በፊት አንድ ሰው ልጠይቅ። አብዱ፣ ድንበርተኛዬ ነህ። ከልጅነታችን ታውቀኛለህ። በዚያ ሳምንት ስረጭ አይተኸኛል?»

ሰዉ ሁሉ ወደ አብዱልሃዲ ዞረ።

«አላየሁህም» አለ አብዱልሃዲ።

ከኋላ ጉርምርምታ ተነሳ። «እዩት! ለጎዳው ሰው ይመሰክራል!» አለች አንዲት ሴት። ሼኩ በአድናቆት ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሐምዲያ እንኳ በአክብሮት አየችው።

አብዱልሃዲ ያቺን እጅ ትከሻው ላይ ሊሸከም አልቻለም። ተነሳ።

«ያላየሁት ስላልረጨ ነው» አለ። «የረጨሁት እኔ ነኝ።»

ማንም አላመነውም። ሼኩ እጁን ይዘው ሊያስቀምጡት ሞከሩ።

«አብዱልሃዲ፣ ለእርቅ ብለህ ከሆነ ተወው። እርቅ በዚህ መንገድ አይገኝም።»

«ለእርቅ አይደለም።»

«መርጫ መች ኖሮህ ያውቃል?»

«ጀውሃ ገዛሁ።»

«መቼ ነው የረጨኸው?»

«ጁምዓ። ሶላት ላይ ስትሆኑ።»

ሼኩ እጁን ለቀቁት።

«መርጫው የታለ?» አሉ ቄሱ።

«ጉድጓድ ውስጥ።»

«የምን ጉድጓድ?»

«የኮምፖስቱ።»

አርባውም ሰው ተከትሎት ሄደ። ታፔላውን አልፈው ወደ ማሳው ጥግ ዞሩ። አካፋውን ማንም አላቀበለውም፤ ራሱ አነሳ። ቅጠሉን ገለጠ፤ ቆፈረ። ከውስጥ ሙቀት ወጣ። መጀመሪያ ሰማያዊው ጫፍ ታየ፤ ከዚያ ማንገቻው፤ ከዚያ የተጨማደደው ሃይላንድ። ጎትቶ አወጣውና ሰዉ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠው። ለጎብኚ አፈር ሲያሳይ እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚቆመው።

ወርቁ ጎንበስ ብሎ አየው።

«በስሏል?» አለ።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት። ሌሎቹም ሳቁ። ሙሀባ ታፔላው አጠገብ ቆማለች፤ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም።

«ወርቁ፣ ስምህን…» አለ አብዱልሃዲ።

«ስሜን ተወው» አለ ወርቁ። አሁን ቀልድ የለበትም። «አሥራ ሁለት ዓመት ስረጭ አንድ ቀን መርጫዬን ለቀትር ንፋስ አላወጣሁም። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ቤቴ መቶ እርምጃ አይሞላም። እንደሞተ አፈር ስላየኸኝ አልጠየቅኸኝም።»

ሐምዲያ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። መርጫውን ተሻግራ ፊቱ ቆመች።

«ስጠራዎት መጡ» አለች። «ቅጠሉን እጅዎ ላይ አስቀመጥኩልዎ። ድርቀት ነው አሉኝ።»

«አፉ በይኝ ሐምዲያ።»

«አሁን አይደለም» አለችና ወደ ማሳዋ ወረደች።

ሽማግሌዎቹ እሱን አስወጥተው ፈረዱ። ማሾው ይገለበጥና እንደገና ይዘራል። በሬውም ዘሩም ከአብዱልሃዲ ነው። ሐምዲያ እስክታጭድ የእሱ የውሃ ተራ የእሷ ይሆናል። አረሙን የሚያርመው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ሚስቱን መላክ አይችልም፤ ሰው መቅጠር አይችልም። ይህን የመጨረሻውን ያስገባው ወርቁ ነው ይባላል።

ሳምራዊት ሁለቱንም ማሳ ካልተረጩት ዝርዝር ሰረዘች። ማኅበሩ ዘንድሮ ከሐምዲያ ማሾ አይቀበልም፤ በተራ ዋጋ ገበያ ታወጣዋለች። ይህን የሚያስተካክል ፍርድ አልተገኘም። ታፔላውን አብዱልሃዲ በራሱ እጅ ነቀለው። የብረቱ እግር በሲሚንቶ ስለተያዘ ግማሽ ቀን ፈጀበት።

መስከረም ሦስተኛው ሳምንት ላይ አዲሱ ማሾ ሁለት ሁለት ቅጠል አወጣ። አረሙም አብሮ ወጣ። አብዱልሃዲ የመጀመሪያውን ቀን ጎንበስ ብሎ ጀመረ፤ ከረፋዱ በኋላ ቀና ማለት አቃተው። ሙሀባ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ ታየው ነበር። ጄሶው ተፈትቶላታል፤ እጇ ግን ገና ቀጭን ነው።

«ጎንበስ አትበል፣ ቁጭ በል» አለችው። «እንደሱ አይደለም። ከሥሩ ያዘው። አየህ፣ በጠስከው። ሥሩ ከቀረ ከነገ ወዲያ ይበቅላል።»

«ስንት ዓመት ነው እንዲህ ስታርሚ የኖርሽው?»

«አሁን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች። «ያዝ። ቀጥል።»

በሦስተኛው ቀን የወንፈሉ ሴቶች ለሐምዲያ ወጡላት። ስድስት ነበሩ። እሱ ከጫፉ ላይ አንድ መስመር ያዘ። ሴቶቹ እያወሩ ነው የሚያርሙት፤ እጃቸው የሚያደርገውን አያዩትም። እሱ አፍንጫውን መሬት አስነክቶ እያንዳንዷን ቅጠል ይመረምራል። ቀትር ሳይደርስ ሴቶቹ ሦስት ሦስት መስመር ጨርሰው ነበር። እሱ አንዱን አላጋመሰም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስልጠና የለብዎትም?» አለች አንዷ።

«ተይ! ስልጠና ላይ ነው ያለው» አለች ሌላዋ።

ተሳሳቁ። አብዱልሃዲ ቀና ሳይል ቀጠለ። አረሙና ማሾው ገና በሁለት ቅጠላቸው ይመሳሰላሉ። አንድ ሲነቅል ሥሩ ነጭና ቀጥ ያለ ሆኖ ወጣ። ማሾ ነው። ዙሪያውን አየ። ቡቃያውን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ ነቀለ፤ ከዚያ ሦስተኛ። እጁን ጨብጦ በሌላኛው ማረሙን ቀጠለ።

ሐምዲያ ሁለት መስመር አልፋ ነበር። ቆመች። ከአውጫጩ ቀን ወዲህ ከእሱ ጋር አልተነጋገረችም።

«ጋሼ» አለች። «እጅዎን ይክፈቱ።»

አብዱልሃዲ ከተቀመጠበት ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ከፈተ። የማሾዎቹ ቅጠል ላቡ ውስጥ ተጣብቋል። ሐምዲያ ጎንበስ ብላ በጣቷ አንድ በአንድ ለየቻቸው።

«ሦስት» አለች።

ወስዳ ድንበሩ ላይ ጣለቻቸውና ወደ መስመሯ ተመለሰች።